የአረም መድሀኒት ወይስ የአረም መርዝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ባህር ዳር ሹም አቦ አካባቢ የግብርና ኬሚካል እሸጣለሁ። በሩ ላይ «የአረም መድሀኒት አለ» ብዬ ባስጽፍ አንድ ደንበኛ «መርዝ እየሸጥክ መድሀኒት ትላለህ እንዴ?» ብሎ ሞገተኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በሰዋስው ከሄድን አንተ ነህ፣ ግን ሰውየውም ዝም ብሎ አልተናገረም። መድሀኒት ከግእዙ ድኅነ የወጣ ነው፣ የሚያድን ነገር ማለት ነው። ጣጣው ያለው «የ» ላይ ነው፤ «የወባ መድሀኒት» ወባን ያጠፋል፣ «የአይጥ መድሀኒት»ም አይጧን ይገድላል፣ «የከብት መድሀኒት» ስትል ግን ከብቱን ያድናል። «የ»ዋ ያችው ናት፣ ማን እንደሚድን ማን እንደሚሞት የምንለየው በልማድ ብቻ ነው። «መድሀኒት አበሉት» ሲባልማ ሰውየው ዳነ ማለት እንዳልሆነ ታውቃለህ።

ነገሩ ራሱም ሁለት ፊት አለው፣ አርሴኒክ የሚባለውን መርዛማ ንጥረ ነገር ውሰድ። ፎውለር የሚባል እንግሊዛዊ ሀኪም በ1786 እ.ኤ.አ. 1 በመቶ ገደማ ፖታሲየም አርሴናይት (የአርሴኒክ ውህድ ነው) ያለው ፈሳሽ ለትኩሳት መድሀኒት ብሎ አስተዋወቀ፣ ከዛ ከመቶ አመት በላይ ለቆዳ በሽታ፣ ለአስም፣ ለደም ካንሰር ሳይቀር በጠብታ ሲታዘዝ ኖረ። ለረጅም ጊዜ ከወሰዱት ውስጥ መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው የጠጠረ፣ ቆዳቸው የጠቆረ፣ አንዳንዶቹም የቆዳ ካንሰር የያዛቸው ነበሩ። ዘመዱ ሶዲየም አርሴናይት ደሞ መዥገር ለማጥፋት ከብት የሚነከርበት ውሀ ውስጥ ይጨመር ነበር።

ለኛ ለጣና ሰዎች የሚቀርበው ይሄኛው ነው፦ አሜሪካኖች በ1900ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወንዞቻቸውን እንቦጭ ሲወርራቸው የረጩት ይሄንኑ ሶዲየም አርሴናይት ነው፣ የተረጨውን እንቦጭ የበላ ከብት ስለሚመረዝ በ1905 ፍሎሪዳ ላይ ከብት የሚጎዳ ኬሚካል መርጨት በህግ ተከለከለ። እዚህ «እንቦጩ ላይ መድሀኒት ይረጭበት» የሚል ሰው ስሰማ ቃሉ ልቡን ያሳረፈው ይመስለኛል፣ «መርዝ ይረጭበት» ቢል ኖሮ ራሱ ዓሳውስ? ውሀውን የሚጠጣውስ? ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ስለዚህ በሩ ላይ «የአረም ማጥፊያ» በል፣ ሁለታችሁንም ያስታርቃል፣ ገበሬውም ይገባዋል። እቃው ላይ ግን ሳታፍር «መርዝ» ብለህ በትልቁ ጻፍ፤ «የመድሀኒት ጀሪካን» የተባለን ባዶ እቃ አጥቦ ውሀ የሚቀዳበት ሰው አይጠፋም።