የናይለን ጊታር ላይ ሽቦ የወጠረው ማነው?

አንድ የድሬዳዋ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ያገለገለ ጊታር ገዝቼ ሠራተኛ የብረት ክር ቀየረልኝ። ትዝታ ልጫወትበት ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ዲ-ኤ-ዲ-ጂ-ኤ-ዲ ብዬ ቃኘሁት። የስልኬ የኮርድ ሥዕሎች ግን አልገጥም አሉ። ወደ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለችው የብረት መስመር) ስጠጋ ደግሞ ድምፁ የባሰ ይበላሻል። ጭንቅላቱ ሁለት መስኮት አለው። ቅኝቴ ነው ጥፋቱ?»

አቦ፣ ቅኝቱን ለጊዜው ተወው! ሁለት መስኮት ካልክ ጊታርህ የናይለን ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ስድስት የናይለን ክሮች ሲቃኙ በድምሩ 40 ኪሎ አካባቢ ይስባሉ። ብረት 70 ያልፋል። ስሱ የጊታሩ የፊት እንጨት ያብጣል፣ ብሪጁም (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ከኋላ ይነሳል፤ ክሩም ከፍሬቱ ይርቃል። ቀጭን ወረቀት ከብሪጁ ኋላ ሥር ግፋ፤ ከገባ ለቋል።

መጀመሪያ ሽቦውን አውርድ። ቀስ ብለህ አላላ፣ ፊትህን አርቅ። የተወጠረ ሽቦ በፒንሳ አይቆረጥም፤ ዓይን ያጠፋል።

ወደ ላይ ሲወጣ ለምን ይብሳል? ይህን ማስረዳት ስለምወድ ታገሠኝ። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው፤ ክሩ 65 ሳንቲም ከሆነ 32.5 ላይ ይውላል። ልክ እዚያ ክሩን ሳትጫን በጣትህ ነካ አድርገህ ምታው። እንደ ደወል ይጠራል። አሁን ተጭነህ ምታው። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የተጫንከው ከቀጠነ ክሩ ከፍሬቱ ርቋል። ክር ስትጫነው ይለጠጣላ! በራቀ ቁጥር ብዙ ይለጠጣል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እኔ በክራር ነው የጀመርኩት፤ ፍሬት ስለሌለው ይህ ራስ ምታት የለበትም።

ብሪጁ ከለቀቀ አሮጌውን ኮላ ፍቀህ በአናጢ ኮላ ለጥፍ፣ ለ24 ሰዓት አጥብቀህ እሰረው። ሱፐር ግሉ እንዳታስነካው! የሌላ ሰው ሱፐር ግሉ ስፍቅ ስንት ቀኔ ሄደ። ከዚያ ናይለን እሰር። በ12ኛው ፍሬት ላይ 6ኛው (ወፍራሙ) ክር 4፣ 1ኛው (ቀጭኑ) 3 ሚሊሜትር ያህል ይራቅ። ከበዛ ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍባትን አጥንት ከሥሯ ሞርድ፤ 2 ሚሊሜትር ስትቀንስ እዚያ 1 ይወርዳል። ያቺ ውስጧ ባዶ የሆነች ፕላስቲክ ግን አጥንት አትባልም። እኔ የበሬ አጥንት ከልኳንዳ አመጣለሁ፣ የሐረር ጅብ ካልቀደመኝ።

የስልክህ የኮርድ ሥዕሎች ደግሞ የተሣሉት ለተለመደው ቅኝት ነው። አንተ 6ኛውን፣ 2ኛውንና 1ኛውን አንድ ሙሉ ድምፅ አውርደሃል። በእነሱ ላይ ሁለት ፍሬት ጨምር። በጂ ኮርድ 3ኛ ፍሬት ላይ የነበሩት 6ኛውና 1ኛው ክር 5ኛ ላይ ይሆናሉ። 2ኛው ክፍት ቢቀርም ግድ የለም፤ ዲ፣ ኤ፣ ጂ ሁሉም ከጂ በሚነሳው ትዝታ ውስጥ አሉ።

ፊቱ ካበጠ ግን አትነካካው። በደንገጎ ሽቅብ ሐረር ይዘኸው ና። የድሬ ቀትር ላይ የተዘጋ መኪና ውስጥ አትተወው፣ ኮላው ይለሰልሳል። ሽቦውንም አላልተህ አምጣው፤ ዓይንህን አደራ።