ሆል የሌለው ሰርቮ ጠዋት ጠዋት ለምን ይሰንፋል?

ሰላም ወንድሜ። ከአሮጌ ማሽን የተፈታ ብራሽለስ ሰርቮ (ብሩሽ የሌለው፣ ቦታው እየተለካ የሚነዳ ሞተር) ገዝተህ፣ የኢንኮደሩ (የሻፍቱን መዞር የሚቆጥረው) ኤ፣ ቢ እና ዜድ ገመዶች አሉ፣ የሆል ሴንሰር (ማግኔቱ የት እንዳለ የሚናገረው) ግን የለውም ብለሃል። ስታበራው አንዴ ደህና ይዞራል፣ አንዴ ይንቀጠቀጣል፣ አንዴ ደግሞ ሳታዘው ይፈረጥጣል። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ ለእንጨት መቅረጫ ማሽን ስገጥመው ሁለት ሳምንት አሳሩን አሳይቶኛል።

ሞተሩ አልተበላሸም። ያንተ ኢንኮደር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይቆጥራል እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ድራይቩ (ሞተሩን የሚነዳው ሰሌዳ) የሮተሩ፣ ማለትም የሚዞረው ክፍል፣ ማግኔት የት እንደቆመ አያውቅም። ግምቱ በ30 ኤሌክትሪካል ዲግሪ (አንድ የማግኔት ጥንድ 360 ተብሎ ሲቆጠር) ቢስት ጉልበቱ ወደ 87 ፐርሰንት ይወርዳል፣ በ60 ቢስት ግማሽ ይቀራል፣ በ90 ምንም። ከ90 ካለፈ ጉልበቱ ይገለበጥና ድራይቩ ስህተቱን ላርም ባለ ቁጥር ይብስበታል። የሚፈረጥጥብህ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የፖል ጥንዶቹን፣ ማለትም የሮተሩን የሰሜንና የደቡብ ማግኔት ጥንዶች፣ ቁጠር። ድራይቩን ነቅለህ ከሦስቱ ፌዞች (የሞተሩ የኃይል ገመዶች) በሁለቱ መሃል ከፓወር ሰፕላይ ትንሽ ዲሲ ልቀቅ፤ እኔ 1 አምፒር ላይ ገድቤ ነው የሞከርኩት። ሻፍቱን በእጅህ አንድ ዙር ስታዞረው ስንት ቦታ እንደሚይዝህ ቁጠር። የኔ አራት ቦታ ያዘ፣ አራት ጥንድ ማለት ነው። ኢንኮደሩ ባለ 2500 መስመር ስለሆነና እያንዳንዱ መስመር አራት ጊዜ ስለሚቆጠር በዙር 10000 ቆጠራ ይሰጣል፤ ለአንድ ኤሌክትሪካል ዙር 2500 ይደርሰዋል ማለት ነው።

ከዚያ ማሰለፍ ነው። ድራይቩ በአንድ አቅጣጫ ዲሲ ይለቃል፣ ሮተሩ ተስቦ ይሰለፋል፣ ያ ቦታ ዜሮ ተብሎ ቆጠራው ይጀመራል። ሮተሩ ልክ በተቃራኒው፣ 180 ላይ ቆሞ ካገኘው ግን የሚስበው ጉልበት የለም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ 90 ላይ ጎትተው፣ ቀጥሎ ወደ ዜሮ አምጣው።

እኔን ያሰቃየኝ ሌላ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ ማሽኑ እንጨቱን መግፋት አቅቶት ሞተሩ ይግላል፤ 6 ሰዓት ላይ አጥፍቼ ሳበራው እንደ አዲስ ይሠራል። ድራይቩን ጠረጠርኩ፣ መብራቱን ረገምኩ። በመጨረሻ ፑሊው ላይ በነጭ ማርከር ምልክት አደረግሁ። ቀን ሲሰለፍ መስመሩ ልክ ይገጥማል፣ ጠዋት ግን የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ይጎድላል። ግሪሱ ረግቶ ነው ለካ! ቆጠራውን ባየው 400 ያህል ጎድሏል፤ 58 ኤሌክትሪካል ዲግሪ ገደማ። ጉልበቱ ግማሽ ቢሆን ምን ይገርማል?

የማሰለፊያውን ከረንት ለአንድ ሁለት ሰከንድ ወደ ሞተሩ መደበኛ ከረንት አስጠጋሁት። ግን እንዳታበዛው፤ እኛ ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርም ድራይቭም እንደ ቆላ አይቀዘቅዝም። ዋናው መፍትሔ ዜድ ነው፤ በዙር አንዴ ብቻ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚመጣው የኢንኮደሩ ምልክት። ቤልቱን ፈትተህ ሻፍቱ ነፃ ሆኖ አንድ ጊዜ በደንብ አሰልፈው፤ ከዜድ እስከ ዜሮው ያለውን ቆጠራ መዝግብ። ከዚያ ወዲያ ሲነሳ ግምቱ ሻካራ ቢሆንም ቀስ ብሎ ሄዶ ዜድን ሲያገኝ ራሱን ያርማል። ኢንኮደሩን ከፈታህ ግን እንደገና ነው።

ሦስቱን የፌዝ ገመዶች ስድስት ጊዜ እያፈራረቅህ አትድከም፤ ያ ሆል ላለው ነው። እዚህ አቅጣጫው ብቻ ነው ወሳኙ፤ ቆጠራው በተቃራኒ ከሄደ ከፌዝ ገመዶቹ ሁለቱን አቀያይር፣ አለቀ። በባክ ኢኤምኤፍ (ሞተሩ ሲዞር ራሱ በሚያመነጨው ቮልቴጅ) አስነሳው ያሉህ ሰዎች ለፓምፕና ለፋን ልክ ናቸው፤ የቆመ ሞተር ግን ምንም ቮልቴጅ አያመነጭም፣ ቆሞ መያዝ ላለበት አክሲስ አይሆንህም።

ወደ ላይና ወደ ታች ለሚሄደው አክሲስ ግን ይህን ሞተር ባታስገባው እመክርሃለሁ። ብሬኩ ተይዞ ሮተሩ አይሰለፍም፣ ብሬኩ ሲለቀቅ ደግሞ ጭንቅላቱ ይወርዳል። እዚያ ላይ ሆል ወይም አብሶሉት ኢንኮደር (ገና ሲበራ የት እንዳለ የሚናገር) ያለው ፈልግ።