በቦክስ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ተንኮል ለሚገጥማችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከልምምድ በኋላ አንዱ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ አብሮኝ ስፓር የሚያደርገው ልጅ ከወገቤ በታች እየመታኝ ነው፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። እዚያው በሁለት ቃል መለስኩለት። ማታ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ይህ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ነው፤ ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። አብሮኝ የሚሰራ አንድ አጭር፣ ደንዳና ልጅ ነበር። በተያያዝን ቁጥር ግንባሩ አገጬን ይመታኛል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ደሜ ፈላ። በአራተኛው እኔም ግንባሬን ሰደድኩበት። ቅንድቡ ተተረተረ። አሰልጣኛችን ደሙን ሲጠርግለት ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ምን አደረግኩህ?» አለኝ። የምሩን ነበር። ሲደክመው አጎንብሶ የመግባት ልማድ ነበረበት። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ጭንቅላቱ የሚደርሰው እኔ አገጭ ላይ ነው። ተንኮል አልነበረም። ያ ቅንድብ እስከዛሬ ይታየኛል።

ስለዚህ ከመናደዳችሁ በፊት ነገሩ ከምን እንደመጣ እዩ። ግራኝ ከቀኝ ጋር ሲገጥም የፊት እግሮቻቸው አንድ መስመር ላይ ስለሚገናኙ መረጋገጥ አይቀርም። ጭንቅላትም ይጋጫል። የፊት እግራችሁን ከእሱ እግር ውጭ አድርጉ፤ ብዙው ነገር ይቀላል። በግንባሩ የሚገባባችሁን ደግሞ ክንዳችሁን አጥፋችሁ ትከሻው ላይ ደግፉት፣ ከዚያ ወደ ጎን ዙሩ።

ሆን ብሎ የሚያደርገውስ? እሱም አለ። በጓንቱ አውራ ጣት ዓይን የሚፈልግ፣ በክርን የሚጠርብ፣ በአንድ እጁ አንገት ይዞ በሌላው የሚደበድብ አይቻለሁ። እጃችሁን ሳታወርዱ ወደ ኋላ ውጡ፣ ከዚያ ጮክ ብላችሁ ንገሩት። አሰልጣኙም ይስማ። ከደገመው ከገመዱ ውጡ። «ፈራ» ይሏችሁ ይሆናል። ይበሉ። ስፓሪንግ ላይ ነጥብ የሚቆጥር ዳኛ የለም፤ የሚያሸንፍም የለም። የገባችሁት ለመማር ነው።

ብድር ለመመለስ ግን አትሞክሩ። እጅ የለመደውን ነው የሚሰራው። ፖላንዳዊው ቦክሰኛ አንድሩ ጎሎታ እ.ኤ.አ. በ1996 ከአሜሪካዊው የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሪዲክ ቦዊ ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጠመ። ሁለቱንም ጊዜ በነጥብ እየመራ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ከወገብ በታች እየደጋገመ በመምታቱ ከውድድሩ ተሰረዘ። እንዲህ ያለ ቦክሰኛ እጁ ውስጥ የገባውን ድል ሲጥለው ማየት ያሳዝናል።

ማጅራትን በተመለከተ ግን አንድም ትዕግሥት አይኑራችሁ። እዚህ ላይ ሆን ብሎ ነው፣ በስህተት ነው የሚባል ነገር የለም፤ ዙሩ ወዲያው ይቁም። የፖርቶ ሪኮው ቦክሰኛ ፕሪቻርድ ኮሎን በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ.፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ውስጥ ሲጋጠም፣ ከጭንቅላቱ ኋላ በተደጋጋሚ ተመታ። ለዳኛው ተናገረ። ግጥሚያው ግን ቀጠለ። የዚያኑ ምሽት አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሆስፒታል ገባ፤ ለወራት ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ዕድሜው 23 ነበር። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተሸንፎ አያውቅም።

የራስ መከላከያ አድርጌያለሁ ብላችሁ አትዘናጉ። ቆዳው እንዳይቀደድ ይረዳል እንጂ አንጎል ውስጥ ለውስጥ ከመናወጥ አያድንም። ወፍራሙ የልምምድ ጓንት፣ 16 አውንሱም ቢሆን ያው ነው። ከእናንተም የሚጠበቅ አለ፦ ስትጨነቁ ጀርባ አትስጡ፣ ከወገባችሁ በላይ ተጣጥፋችሁ አታጎንብሱ። ያኔ ማጅራታችሁን ራሳችሁ ናችሁ የምታቀርቡት። ከልምምድ በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብዥታ ከተሰማችሁ ደግሞ «ይተወኛል» ብላችሁ አትተኙ። ለአሰልጣኝ ንገሩ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ማክሰኞ ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ና። ያንንም ልጅ ጠርቼዋለሁ። ሦስት ዙር በቀስታ ትሰራላችሁ፣ እኔ መሃላችሁ እቆማለሁ። እጁ ለምን እንደሚወርድ አብረን እናያለን።