ዕድሜ ሲገፋ ስለ አሯሯጥና ስለ ጡንቻ ጥንካሬ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ሯጮች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ማለዳ ከከዚራ ተነስተን ወደ ሳቢያን የምንሮጠው አብዛኞቻችን ሃምሳን ያለፍን ስለሆንን፣ በመካከላችን የሚነሱት ጥያቄዎች የወጣት ሯጭ ጥያቄዎች አይደሉም። ረዘም ላለ ጊዜ የስፖርት መምህር የነበርኩና ዛሬም የምሮጥ በመሆኔ፣ የተጠየቅሁትን እንደ አመጣጡ ለመመለስ ፈቃደኛ ሆኛለሁ። ሐኪም አይደለሁምና ሕመምን የሚመለከተውን ወደ ሐኪም መምራቴ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዕድሜዬ 57 ነው። ልጄ በስልኩ ቀርጾ ሲያሳየኝ እርምጃዬ አጥሮ፣ እግሬም መሬት ለመሬት የሚጎተት ሆኖ አገኘሁት። ስሮጥ ምን እያሰብኩ ብሮጥ ይስተካከላል?

መልስ፦ ስለ እርምጃዎ ከማሰብዎ በፊት ስለ ባትዎ ቢያስቡ ይሻላል። በዕድሜ የገፋ ሯጭና ወጣት ሯጭ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሮጡ ሲለኩ፣ በደቂቃ የሚረግጡት ቁጥር እምብዛም አይለያይም፤ እንዲያውም ትልቁ ጥቂት ይበልጣል። የሚያጥረው የእያንዳንዱ እርምጃ ርዝመት ነው። ምክንያቱም እግር ከመሬት ሲለቅ ሰውነትን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል በአብዛኛው ከቁርጭምጭሚት፣ ማለትም ከባት ጡንቻና ከተረከዝ ጅማት የሚመጣ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ ከሁሉም በላይ የሚዳከመው ይኸው ክፍል ነው። የዳሌ ጡንቻዎች የጎደለውን ለመሙላት ይሞክራሉ፤ ሩጫው ግን ከመስፈንጠር ይልቅ ወደ መጎተት ያደላል።

ታዲያ «እርምጃዬን ላስረዝም» ብለው በሐሳብ ብቻ ሲሞክሩ፣ የሚገፋ ኃይል ስለሌለ እግርዎን አርቀው ወደ ፊት ይወረውሩታል። ያን ጊዜ ተረከዝዎ ከጉልበትዎ ቀድሞ ያርፍና እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ይሆናል። ለአንድ ወጣት «ቀና በል፣ ክንድህን አስተካክል» ማለት ሊበቃ ይችላል፤ በእኛ ዕድሜ ግን የአሯሯጥ ጉድለት የሚመስለው ነገር በአብዛኛው የጉልበት ማነስ ነው፤ ጡንቻው ሲመለስ አሯሯጡም አብሮ ይመለሳል። እኔ የምመክረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ ደረትን ቀና አድርጎ መሬትን ወደ ኋላ መግፋት። ሌላውን ለጡንቻው ይተዉለት።

ጥያቄ፦ የትኛውን እንቅስቃሴ ልሥራ? ጂም የመሄድ አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም።

መልስ፦ ጂም አያስፈልግም፤ አንድ የደረጃ እርከንና አንድ በርጩማ ይበቃል። በእርከኑ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶችዎ ቆመው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተረከዝዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ከዚያም በሦስት ሰከንድ ያህል ቀስ ብለው ከእርከኑ ዝቅ እስኪል ያውርዱት። መጀመሪያ በሁለት እግር 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ይሥሩ። ይህ ሲቀልዎት በአንድ እግር ይቀጥሉ። ከዙሮቹ አንዱን ጉልበትን ትንሽ አጥፎ መሥራት ተገቢ ነው፤ ጉልበት ሲታጠፍ ሥራው ከላይኛው የባት ጡንቻ ወደ ታችኛው ይዛወራል፤ በሩጫ ጊዜ ትልቁን ሸክም የሚሸከመውም ይህ ታችኛው ነው። በአንድ እግር ሳያቋርጡ ወደ 25 ጊዜ መሥራት የቻለ ሰው ባቱ ለሩጫ ብቁ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ መጀመሪያ ሲሞክሩት አሥር ሳይደርሱ ይቆማሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሮጡ የከረሙት እንኳ ሳይቀሩ።

ቀጥሎ ከበርጩማው ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ከዚያ በአንድ እግር እርከን ላይ ወጥቶ መውረድ ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ማንሳት ደግሞ ዳሌን ያጠነክራል። ሁሉም ሲቀል በጀርባ ቦርሳ ውስጥ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ እየጨመሩ ክብደቱን ያሳድጉ። ክብደት ሳይጨምሩ ቁጥር ብቻ ማብዛት ጽናትን እንጂ ጥንካሬን አያመጣም። ዕድሜ የሚቀንስብን በተለይ ፈጣኖቹን የጡንቻ ቃጫዎች ስለሆነ፣ እነርሱን የሚቀሰቅስ ከበድ ያለ ሥራ የግድ ነው፤ ዝግ ያለ ረጅም ሩጫ አይደርስባቸውም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከል ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃል። በነጋታው ጠዋት ሕመሙ ካልቀነሰ አብዝተዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ለውጥ በአንድ ወር ገደማ ይሰማዎታል፤ ጅማት ግን ከጡንቻ ዘግይቶ ስለሚጠነክር ሦስት ወር ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በደቂቃ 180 እርምጃ መርገጥ አለብን የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሕግ አይደለም። ቁጥሩ እንደ ቁመትና እንደ ፍጥነት ይለያያል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን አሁን ካለው የእርምጃ ቁጥር ላይ ከመቶ አምስት ያህል መጨመር በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና እንደሚያቃልል በጥናት ታይቷል። በ160 የሚሮጥ ሰው 168ን ይሞክር፤ 180ን ይርሳው።

ጥያቄ፦ በእግሬ ፊት ማረፍ እንደሚሻል ከወጣቶቹ ሰምቼ ጀመርኩ፤ አሁን ተረከዜን ከኋላ ያመኛል።

መልስ፦ ይተዉት። በፊተኛው እግር ማረፍ ጫናውን ከጉልበት ወስዶ ለባትና ለተረከዝ ጅማት ይሰጠዋል፤ ይህ ደግሞ በእኛ ዕድሜ ቶሎ የሚጎዳው ቦታ ነው። እግር ከሰውነት ሥር ካረፈ፣ መጀመሪያ መሬት የነካው ተረከዝም ሆነ መሐል እግር ለውጥ አያመጣም። ሕመሙ እስኪቀል የዳገትና የፍጥነት ሩጫ አቁመው፣ ከላይ የጠቀስኩትን የተረከዝ ማንሳት በሁለት እግር፣ ሕመሙ በሚፈቅደው መጠን ይሥሩ፤ ጅማት ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ይደክማል እንጂ አይድንም።

ጥያቄ፦ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መሮጥ ይሻላል ወይስ ወደ ደንገጎ ዳገት መውጣት?

መልስ፦ ሁለቱም የየራሳቸው ችግር አለባቸው። ወንዙ ደረቅ ሲሆን አሸዋው የማረፊያውን ግጭት ያለሰልሳል፤ ነገር ግን ተረከዝ ጠልቆ ስለሚገባ ጅማቱ ከልክ በላይ ይለጠጣል። ለአጭር ጊዜ፣ ጠጠር ባለው ጠንከር ያለ ጠርዝ በኩል ቢሮጡ ይሻላል። በክረምት ግን ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ከተማው ውስጥ ፀሐይ ሳለ እንኳ ጎርፍ ሊያመጣ ስለሚችል፣ በ1998 ዓ.ም. የደረሰውን ጎርፍ ያየ ሰው ወንዙ ውስጥ አይገባም።

ደንገጎን በተመለከተ፣ መንገዱ የጭነት መኪና መንገድ ነውና አልመክርም። የሚያስፈልገን ረጅም ዳገት ሳይሆን አጭር ዳገት ነው። ከከተማው ዳር ጸጥ ያለ ተዳፋት መርጠው፣ በደንብ ካሟሟቁ በኋላ ለስምንት ወይም ለአሥር ሰከንድ ብቻ በኃይል ይሩጡ፤ በእርምጃ ተመልሰው ሁለት ደቂቃ ያህል ያርፉ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ብቻ፤ ቀስ በቀስ እስከ ስምንት። ዳገት የቁርጭምጭሚትን ግፊት ያስገድዳል፤ መሬቱም ወደ እግር ስለሚቀርብ የማረፊያው ግጭት ይቀንሳል። ከጠፍጣፋ ሜዳ የፍጥነት ሩጫ ይልቅ ለእኛ የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ቁልቁለቱን ግን በእርምጃ ይውረዱ፤ የጭንን ጡንቻ የሚያቆስለው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው።

ጥያቄ፦ ቀነኒሳ ከአርባ በኋላም ከፊት ሮጧል። እኛ ላይ ብቻ ነው ዕድሜ የሚከብደው?

መልስ፦ ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ ማራቶንን በ2፡04፡15 ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። ከእርሱ በፊት ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ ወርቅ ሲያገኝ 36 ዓመቱ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላም በሙኒክ ነሐስ ጨመረ። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ካናዳዊው ኤድ ዊትሎክ ነው፤ በ73 ዓመቱ ማራቶንን በ2፡54፡48 ጨርሷል። ይህ ሁሉ ዕድሜ አይከብድም ማለት አይደለም። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ባልሠለጠነ ሰው ላይ በየአሥር ዓመቱ ከመቶ አሥር ገደማ ይቀንሳል፤ ጠንከር ያለ ልምምድ ያላቋረጠ ሰው ቅነሳው ወደ ግማሽ ሊወርድለት ይችላል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ዕድሜ ሲመጣ ፈጣኑን ልምምድ ትተን ቀርፋፋውን ብቻ በመያዛችን ይመስለኛል። በሳምንት አንድ ቀን ጠንከር ያለ ሩጫ ይኑር፤ ከእርሱ በኋላ ያለው ዕረፍት ብቻ ከወጣቱ ይርዘም።

ጥያቄ፦ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ሰዓቴ የልብ ምቴ ዝቅተኛ እንደሆነ ይነግረኛል፤ እኔን ግን ያለከልከኛል።

መልስ፦ አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ራሱን ስለሚገድብ የሰዓቱ ቁጥር ለእርስዎ መለኪያ አይሆንም። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚባለውም ቢሆን ግምት እንጂ የእርስዎ ልክ አይደለም። በቀላል ሩጫ ቀን ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ብቻውን የልብን ሥራ ስለሚጨምር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በፊት ቢወጡ ይመረጣል። ደረትን መጨምደድ፣ ራስን መሳት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ሩጫው ቆሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ በጾም ጊዜ ጡንቻ መገንባት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን መጠኑን ማሰብ ያሻል። በዕድሜ ለገፋ ሰው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ65 እስከ 78 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ አለው፤ ስለዚህ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውንና ሽምብራውን በየገበታው ማከፋፈል ያስፈልጋል። በፍስኩ እንቁላልና ወተት ሥራውን ያቀሉታል። በረመዳን የጥንካሬውን ሥራ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይሻላል። ኩላሊቱን የሚታከም ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከበርጫ በኋላ አመሻሽ ላይ ስሮጥ ድካም አይሰማኝም። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ድካሙ አለ፤ የማይሰማው ነው እንጂ። ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ረሃብንና ጥማትንም ይደብቃል። በምርቃና ላይ ሆኖ በሙቀት መሮጥ ልብን ሁለት ጊዜ ማስገደድ ነው፤ ከሃምሳ በላይ ላለ ሰው እኔ በፍጹም አልፈቅድም። ጡንቻ የሚጠገንበትን እንቅልፍና የሚገነባበትን ምግብ መውሰዱም ሌላ ዕዳ ነው። የሚቅም ሰው ከሆኑ ሩጫውን ለማለዳ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ሐረር ነው የምኖረው፤ ሴት ነኝ፣ 61 ዓመቴ ነው፤ ሮጬ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ሩጫ ጉልበት ይበላል ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ለደስታና ለጤና በመጠኑ የሚሮጡ ሰዎች የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ብግነት ከማይሮጡት ያነሰ እንደሚታይባቸው ጥናቶች ያሳያሉ። በከፍተኛ የውድድር ደረጃ የሮጡት ጉዳይ የተለየ ነው፤ የእርስዎ ግን አይደለም። አስቀድመው ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ። ከዚያ ለአንድ ወር የጥንካሬውን ሥራና የእግር ጉዞን ብቻ ይያዙ፤ በሁለተኛው ወር አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይሞክሩ። በጁገል ውስጥ ያለው የድንጋይ ንጣፍ ቁርጭምጭሚት ስለሚያጥፍ እዚያ እርምጃ እንጂ ሩጫ አይሁን፤ ለሶምሶማው ከግንቡ ውጭ፣ ከሸዋ በር ወዲያ ያለውን አስፋልት ጠዋት መኪና ሳይበዛ ይጠቀሙ። ሐረር ከድሬዳዋ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ከእኛ ዘንድ የመጣ ሯጭ አብሮዎት ሲሮጥ ቀድሞ ቢያለከልክ አይደነቁ።