ለ700 ፈረስ ጉልበት መኪና የትኛው ማርሽ ይሻላል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ ወጣት የጻፈልኝ ጥያቄ ይኸውና። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የ1999 ካማሮ አለኝ። ሞተሩ 6.0 ሊትር ኤልኤስ ነው፣ ቱርቦ ገጥሜለታለሁ። 700 ፈረስ ጉልበትና 650 ፓውንድ-ፊት ቶርክ (የማዞር ኃይል) ይሰጣል። ቀይ መስመሩ፣ ሞተሩ ማለፍ የሌለበት፣ በደቂቃ 6,500 ዙር ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቤልትዌይ ሥራ እሄድበታለሁ። ቅዳሜ ባድስ ክሪክ የውድድር ትራክ ወስጄ ሩብ ማይል እሮጥበታለሁ። የፋብሪካው ቲ56 ካምቢዮ የሦስተኛ ማርሹ ጥርስ ረገፈ፣ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። አሁን ቲ56 ማግነም የሚባለውን ካምቢዮ ልገዛ ነው። አንደኛ ማርሹ 2.97 የሆነ አለ፣ 2.66 የሆነም አለ። ጓደኞቼ 2.97ቱን ግዛ፣ ዲፈረንሻሉንም ከ3.42 ወደ 4.10 ቀይረው፣ ያኔ ይወረወራል ይሉኛል። የመንገድ ጎማዬ 275/40 ባለ 17 ነው፣ ለውድድር 275/60 ባለ 15 እገጥማለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ የሰጡህ ምክር የሌላ መኪና ምክር ነው። 250 ፈረስ ጉልበት ላለው፣ ሲነሳ ለሚያቃስት ሞተር ትልቅ ቁጥር ያለው ማርሽ፣ ማለት ሞተሩ ጎማውን አንዴ ለማዞር ብዙ የሚዞርበት፣ መድኃኒቱ ነው። አንተ ግን ጉልበት ተርፎሃል። የቸገረህ አስፋልቱ ላይ ማሳረፉ ነው።

መልሱን ላስቀድምልህ። አንደኛው 2.66፣ ስድስተኛው 0.63 የሆነውን ማግነም ውሰድ። ዲፈረንሻሉን 3.73 አድርገው። 4.10 የሚሉህን እርሳው። ምክንያቱ ረዘም ይላል፣ ግን ሒሳቡን አንዴ ከያዝከው ሌላ ጊዜ ማንንም አትጠይቅም።

ብዙ ሰው ማርሽ ሲመርጥ ከአንደኛው ይጀምራል። ደስ የሚለው እሱ ስለሆነ ነው። እኔ የምጀምረው ከመጨረሻው መስመር ነው። መስመሩን ስታልፍ ፍጥነትህ ስንት ይሆናል? ሞተሩስ ያኔ ስንት ዙር ላይ ቢሆን ጥሩ ነው? እነዚህን ሁለቱን ካወቅክ የዲፈረንሻሉ ቁጥር ራሱ ይወጣል።

መኪናህ ከነሾፌሩ 3,600 ፓውንድ ይመዝናል ብለን እንያዝ። ጎማው ከያዘ 700 ፈረስ ጉልበት ይህን ክብደት ሩብ ማይሉ ጫፍ ላይ በሰዓት 135 ማይል ገደማ ያደርሰዋል። ሰዓቱም 10 ሰከንድ አካባቢ ነው። አሁን ካልኩሌተርህን አውጣ። ፍጥነቱን በማይል፣ የማርሹን ሬሾ፣ የዲፈረንሻሉን ሬሾና 336ን አባዛቸው። የመጣውን ለጎማው ቁመት በኢንች አካፍለው። የሞተሩን ዙር ታገኛለህ።

የውድድር ጎማህ ቁመት 28 ኢንች ነው። የምትጨርሰው በአራተኛ ማርሽ ነው፣ እሱም 1.00 ነው። ዲፈረንሻሉ 3.42 ቢሆን መስመሩን በ5,540 ዙር ታልፋለህ። በ3.73 ወደ 6,040 ይወጣል። በ4.10 ግን 6,640 ይሆናል። ቀይ መስመርህ 6,500 ነው ብለኸኛል። እንግዲህ 4.10 ብትገጥም የውድድሩ መጨረሻ መስመር ጋ ሳትደርስ ሞተሩ ይቆርጥብሃል። ወይ ደግሞ ልትጨርስ ጥቂት ሲቀርህ አምስተኛ ማስገባት ሊኖርብህ ነው። ሙሉ የቱርቦ ግፊት ይዘህ፣ ጫፉ ላይ፣ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መርገጥ! እሱን ለማንም አልመክርም።

እዚህ ላይ ጓደኞችህ የዘነጉት አንድ ነገር አለ። ጎማ መቀየርም ማርሽ መቀየር ነው። የመንገድ ጎማህ 275/40 ባለ 17 ቁመቱ 25.7 ኢንች ገደማ ነው። በእሱ ላይ 3.42 ዲፈረንሻል የሚሠራው ሥራ በ28 ኢንች ጎማ ላይ 3.73 ከሚሠራው ጋር አንድ ነው። አባዝተህ እየው፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሁን መንገድ ላይ የለመድከውን አነሳስ ቅዳሜም በረጅሙ ጎማ ላይ የምታገኘው 3.73 ስትገጥም ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለመውጣት ምክንያት የለህም።

ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመን። አምራቾቹ ይለያያሉ፣ መኪናው ሲጫነውም ጎማው ይረግባል። ደልዳላ ቦታ አቁመው፣ ነፋሱን በምትወዳደርበት ልክ አድርግ፣ ሰውም ይቀመጥበት። የኋላው ጎማ መሬት የነካበት ላይ ጎማውንም ወለሉንም በጠመኔ ምልክት አድርግ። ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ቀስ ብለህ ግፋው። በሁለቱ የወለል ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በኢንች ለካና ለ3.14 አካፍል። ትክክለኛው ቁመትህ ያ ነው። ከተጻፈው ግማሽ ኢንች ካነሰ ሒሳቡን እንደገና ሥራው።

አሁን ወደ አንደኛ ማርሽ እንምጣ። 2.97ን በ4.10 ስታባዛው 12.18 ይመጣል። 2.66ን በ3.73 ስታባዛው 9.92። የሞተርህን 650 ቶርክ በእነዚህ አባዛና ለጎማው ግማሽ ቁመት በፊት፣ ማለት ለ1.167፣ አካፍለው። ከሞተሩ እስከ ጎማው የሚባክነውን ሳንቀንስ የመጀመሪያው ወደ 6,790 ፓውንድ ግፊት ይሰጥሃል። ሁለተኛው ወደ 5,530። መኪናህ በጠቅላላው 3,600 ፓውንድ ነው! ሙጫ በተቀባ ትራክ ላይ፣ ለድራግ፣ ማለት ለቀጥታ መስመር ውድድር፣ የተሠራ ጎማ በደንብ ሞቆ እንኳ 5,530ው ይበዛበታል። 6,790ውን ደግሞ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ዝናብ ከዘነበ በኋላ አስበው። ትርፉ ጭስ ነው። ፖሊስም ሊመጣ ይችላል።

በዚያ ላይ 2.97ቱ ቶሎ ያልቅብሃል። በ3.73ና በ28 ኢንች ጎማ 6,500 ዙር ላይ ሲደርስ ፍጥነትህ 49 ማይል ነው። 2.66ቱ እስከ 55 ድረስ ይወስድሃል። ጎማው ገና መያዝ ሲጀምር ማርሽ ቀይር መባል ያናድዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በማርሾቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሰው አንደኛውን ያያል፣ ስድስተኛውን ያያል፣ መሐሉን አያይም። ቱርቦ ያለው ሞተር ዙሩ ከተወሰነ በታች ሲወርድበት ግፊቱ ይጠፋል፣ እስኪመለስ ትጠብቃለህ። የ2.66ቱ ካምቢዮ ማርሾች 2.66፣ 1.78፣ 1.30፣ 1.00 ናቸው። የ2.97ቱ 2.97፣ 2.10፣ 1.46፣ 1.00 ናቸው። በ6,500 ዙር ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ስትቀይር በ2.66ቱ ዙሩ 5,000 ላይ ያርፋል። በ2.97ቱ ወደ 4,450 ይወርዳል። ይህ ቅያሪ የሚመጣው ከ100 ማይል አካባቢ ጀምሮ ነው። ነፋሱ መኪናውን መያዝ የጀመረበት፣ ሞተሩ ያለውን ሁሉ መስጠት ያለበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ 550 ዙር ማጣት በሰዓቱ ላይ በደንብ ይታያል።

እውነቱን ለመናገር 2.97ቱ አንድ ቦታ ላይ ይሻላል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀየር ዙሩ ወደ 4,600 ነው የሚወርደው፣ 2.66ቱ ወደ 4,350 ይወርዳል። ግን አንተ ያኔ ከጎማው ጋር እየታገልክ ነው። ዙሩ ትንሽ ቢወርድ እንዲያውም ይረዳሃል።

ስድስተኛውን ቶሎ እንለፈው። ቤልትዌይ ላይ የተለጠፈው 55 ማይል ነው፣ ማን እንደሚያከብረው ባላውቅም። በመንገድ ጎማህና በ3.73 ስድስተኛው 0.50 ቢሆን 1,340 ዙር ላይ ትሆናለህ። ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የተቀየረለት ሞተር እዚያ ላይ ይንገጫገጫል፣ ወደ አምስተኛ ትመልሰዋለህ፣ ስድስተኛው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። 0.63ቱ 1,690 ላይ ያስቀምጥሃል። በ70 ማይል ደግሞ 2,150 ነው። ሬዲዮ እየሰማህ ትሄዳለህ።

የላክልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ጥርሱ የተሰበረበት ፊት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ሻካራ፣ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ። የቆየ ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ አንደኛው ጥግ ለስለስና ጠቆር ብሎ ይታይ ነበር፣ የመጨረሻው ስብራት ብቻ ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ያረጀ ብረት አይደለም። በአንድ ምት የተሰበረ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ነዳጅ ሳትለቅ ነው የቀየርከው፣ ጎማውም ያኔ ይዞ ነበር ብዬ እገምታለሁ። የፋብሪካው ቲ56 የተሠራው ለ450 ፓውንድ-ፊት ነው። አንተ 650 ጭነህበታል።

ማግነም 700 ፓውንድ-ፊት ይችላል። አንተ 650 ላይ ነህ፣ ስለዚህ ትርፍህ ጠባብ ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚናገረው ስለሚጫነው ጉልበት እንጂ ስለ ምት አይደለም። ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀህ፣ ጎማው ከያዘ፣ እሱንም ትሰብረዋለህ። የፍሪሲዮኑን አለቃቀቅ የሚያዘገይ፣ የሚስተካከል የሃይድሮሊክ ቫልቭ አለ። ከካምቢዮው ጋር አብረህ ግዛው። አነሳስህም ይስተካከላል፣ ጥርሱም ይተርፋል። ሲንክሮናይዘር፣ ማለት ማርሽ ሲገባ ዙሩን የሚያመሳስለው፣ የሌላቸውን የውድድር ማርሾች የሚሸጥልህ ይመጣል። ትራክ ላይ ድንቅ ናቸው። ቤልትዌይ ላይ፣ ትራፊክ ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት ግን ትጠላቸዋለህ።

የኋላው ዲፈረንሻል ሌላ ጣጣ ነው። የ1999 ካማሮ ይዞት የመጣው ባለ 10 ብሎን ሲሆን ኮሮናው፣ ትልቁ ባለጥርስ ቀለበት፣ 7.5 ኢንች ገደማ ነው። በ700 ፈረስ ጉልበትና በድራግ ጎማ አይቆይም። ስለዚህ በእሱ ውስጥ ሬሾ ለመቀየር ሳንቲም አታውጣ። ወይ ፎርድ 9 ኢንች ወይ ዴና 60 አስገባ። በዴና 60 3.73 ታገኛለህ። በ9 ኢንቹ 3.70 ነው፣ ያው ነው። ትልቅ ቁጥር የማልወድበት አንድ ምክንያት እዚህም አለ። 3.73 ኮሮናው 41 ጥርስ፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን 11 ነው። 4.10 ላይ ፒኞኑ 10 ይሆናል። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ፒኞኑ ያንሳል፣ ይደክማልም። ስታዝ ደግሞ ለድራግ ብቻ የሚሠራውን ለስላሳ ብረት እንዳይሰጡህ። እሱ ምት ይችላል፣ ግን በየቀኑ ሲነዳ ቶሎ ይበላል። ለመንገድ የሚሆነውን ጠይቅ።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልናገር። ፍሪሲዮን መርገጥ ካልናፈቀህ በአንተ ቦታ ብሆን 4L80E የሚባለውን አውቶማቲክ ነበር የምገጥመው። ማርሾቹ 2.48፣ 1.48፣ 1.00፣ 0.75 ናቸው። በወረቀት ሲታይ ርቀታቸው ሰፊ ነው፣ ግን ኮንቨርተሩ፣ በፍሪሲዮን ፋንታ ጉልበቱን በዘይት የሚያስተላልፈው፣ ዙሩን እንዲወድቅ አይተወውም። ከሁሉ በላይ፣ መስመሩ ላይ ፍሬን ይዘህ ሞተሩን ስታስጨንቀው ቱርቦው ሳትነሳ ግፊት ይሠራል። በማንዋል ይህን ለማድረግ ሌላ ኤሌክትሮኒክስ ያስፈልግሃል። ማርሽ ሲቀየርም ግፊቱ አይቋረጥም። በ70 ማይል ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ፣ በ3.73ና በመንገድ ጎማህ ወደ 2,560 ዙር ነው፣ ይቻላል። 3.42 ብታደርገው ይበልጥ ይመቻል፣ ኮንቨርተሩ ስለሚንሸራተት መስመሩ ላይም ዙርህ ጥሩ ቦታ ይወድቃል። ሰዓቱን ለማሳጠር ብቻ ከሆነ አውቶማቲኩ ያሸንፍሃል። ማርሽ መቀየሩ ደስታህ ከሆነ ግን ማንም አይፈርድብህም፣ ማግነምህን ግዛ።

ለመኪናህ የተሠራውን ማግነም-ኤፍ የሚባለውን እዘዝ። ሌላውን ብትወስድ የመቀየሪያው ዘንግ ቦታ አይመጣልህም። የፋብሪካው ካምቢዮ መውጫ ዘንግ 27 ጥርስ ነው፣ የማግነሙ 31። ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ጫፍ መቀየር አለበት ማለት ነው፣ ካምቢዮው ሳይገባ አሠራው። ዘይቱ ዴክስሮን 3 የሚባለው የአውቶማቲክ ዘይት ነው። ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ካልጨመርኩ የሚል ሰው ካጋጠመህ እጁን ያዘው፣ ሲንክሮናይዘሮቹ አይሠሩም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ባድስ ክሪክ። በዚህ ምርጫ ሰዓትህ 10 ሰከንድ ጠርዝ ላይ ነው፣ ፍጥነትህም 135 ጠርዝ ላይ። በኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ደንብ ከ11.49 እስከ 10.00 ለሚሮጥ የአንተ ዓይነት መኪና ሮል ባር፣ መኪናው ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቀው ብረት፣ ግዴታ ነው። 9.99 ከገባህ ወይም 135 ከነካህ ደግሞ የተመሰከረለት ሙሉ ሮል ኬጅና የተወዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቁሃል። አንድ ጥሩ ሙከራ ካደረግክ በኋላ ወደ ቤትህ ሊሸኙህ ይችላሉ። ስለዚህ ካምቢዮውን ከማዘዝህ በፊት ኬጁን ትፈልገው እንደሆነ ወስን። ካልፈለግከው የቱርቦውን ግፊት ትንሽ ቀንስና በ10.30 ተደሰት። ያኔ 3.73ቱ እንዳለ ይሠራልሃል፣ ካምቢዮውም ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።