ሰኔ 30 ሳይደርስ ጣራ ላስጠግን ወይ ላልሽው እህቴ

«የተረከብኩት ባለ አራት ፎቅ የመማሪያ ሕንፃ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል። ከጥገና በጀቱ የተረፈ ገንዘብ አለ፤ ሰኔ 30 በጀቱ ሳይዘጋ ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የሬንጅ ንጣፍ) ላስለብሰው ወይስ ቆርቆሮ ላስደርብበት?» ብለሻል። እኔ ብሆን በዚህ ግንቦት ሁለቱንም አልነካም።

በጀቱ የሚዘጋው ዝናቡ በሚገባበት ሰሞን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ «ገንዘቡ ተመላሽ ከሚሆን» ተብሎ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጣራ ላይ ይወጣል። የበልጉ ውሃ ግን ገና ከሶሌታው (ከጣራው ኮንክሪት) አልወጣም። እርጥብ ሶሌታ ላይ ሜምብሬን በእሳት ከተለጠፈ፣ ከሥር የቀረው እርጥበት ፀሐይ ሲመታው ተንኖ ይገፋዋል፤ ውሃ እንደቋጠረ ቁስል ያብጥና በዓመቱ ይቀደዳል።

መሃል ከተማ ባለ አንድ ግቢ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የኮምፒውተር ክፍላችን በመብራቱ በኩል ያንጠባጥብ ነበር። በሁለት ጨረታ ጣራው በሙሉ ለበሰ፤ አሁንም ያፈሳል። አንድ ነሐሴ ባልዲ የምታቀያይረው የጽዳት ሠራተኛ «ልጄ፣ ይሄ ቤት እኮ ሲዘንብ አይደለም የሚያፈሰው፣ ካባራ በኋላ ነው» አለችኝ። ያን ያህል ዓመት እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። መሰላል ይዘን ወጣን። የአሸንዳው ቱቦ አፍ በጽድ ቅጠል፣ በፌስታልና በርግብ ጎጆ ተደፍኖ ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ቆሟል። ከፍ ሲል በቱቦው አንገት ዙሪያ ሁለት ስንዝር በማትሞላ ስንጥቅ ይገባና የኤሌክትሪክ ሽቦ ማስተላለፊያውን ይዞ ስድስት ሜትር ያህል ተጉዞ መብራቱ ላይ ይወርዳል። እኛ የምናለብሰው ከመብራቱ በላይ ያለውን ነበር!

ስለዚህ የጥገና ስፔስፊኬሽን (ምን እንደሚሠራ የሚዘረዝረው ሰነድ) የሚጻፈው ነሐሴ ላይ፣ እያፈሰሰ ነው። ጥር ላይ የተጻፈ እንደሆነ «ጣራውን በሙሉ» ከማለት ሌላ የሚለው የለውም። የጽዳት ሠራተኞቹ ባልዲ ባስቀመጡ ቁጥር ቀኑን፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት እንደጀመረና ጠብታው ስንት ሰዓት እንደጀመረ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጻፉልሽ። ከዚያ መስከረም ላይ ጨረታ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሥራ። ሥራው ሲያልቅ፣ ያፈስ እንደሆነ ለመፈተን ቱቦውን ደፍናችሁ 48 ሰዓት ውሃ አቁሙበት። አምስት ሳንቲም ውሃ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ስለሚመዝን ሕንፃው ያረጀ ከሆነ መጀመሪያ መሐንዲስ ይይልሽ። ውሉ ላይ ደግሞ የመጨረሻ ርክክቡ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ ይሁን፤ መያዣ ገንዘቡም እስከዚያ አይለቀቅ። ኮንትራክተሩ «ትንሽ ጥገና ነው፣ አንዴ እንረካከብ» ይልሻል። እንዳትሰሚው።

የተረፈውን ገንዘብ አሁን አሸንዳ ማስጠረጊያ፣ ለቱቦዎቹ አፍ ወንፊት፣ የተሰበረ ቱቦ መቀየሪያና ደህና መሰላል አድርጊው። የቀረው ተመላሽ ቢሆን ይሁን፤ ያበጠ ሜምብሬን ለኦዲተር ከማስረዳት ይቀላል። ውሃ በመብራት ወይም በማብሪያ ማጥፊያ በኩል ከመጣ ግን ባልዲ ከመፈለግሽ በፊት የክፍሉን ብሬከር አውርጂ።

ቆርቆሮ መደረብ መጥፎ አይደለም፣ ተዳፋት ይሰጥሻል። ነገር ግን ክብደቱና ንፋሱ ይሰላ፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ መጨረሻው ፎቅ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየው።

ሕንፃሽ አሮጌ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በመሃል አዲስ አበባ ብዙ ግቢዎች ውስጥ ያሉ ቤቶች ለትምህርት ቤትነት አልተሠሩም፤ ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል እንኳ ቤተ መንግሥት ነበር፣ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው። ያንቺው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ጥገናው የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል። ደብዳቤው ጊዜ ስለሚወስድ ከጨረታው በፊት ይጀመር።

ደግሞ በበጋም የሚያፈስ ከሆነ ዝናብን ተይውና ጣራ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር እዪ። ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ካረጀ፣ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ሙሉ ሌሊቱን ይፈሳል። ለማንኛውም ነገ ጠዋት ውጪና የቱቦዎቹን አፍ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን፣ አይተን እንነጋገራለን።