ሞድ ለበዛበት ስካይሪም የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻላል?

ከአዳማ የጻፉልኝ አንባቢ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተራቸው ኮር አይ5-10400ኤፍ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ አለው፤ ሞኒተሩ 1920 በ1080 ነው። የሚጫወቱት በ2016 የወጣውን ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን ሲሆን፣ የ4ኬ ቴክስቸር ሞዶችን (የዕቃዎቹን ገጽ የሚያለብሱትን ምስሎች በትልልቅ የሚተኩ፣ ተጫዋቾች የሠሯቸው ጭማሪዎች) እና የጨዋታውን ብርሃንና ጥላ የሚያሳምረውን ኢኤንቢን ከጫኑበት ወዲህ ከተማ ሲገቡ ጨዋታው ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ምንም መልእክት ሳያሳይ በራሱ ይዘጋል። አሜሪካ የሚኖሩት አጎታቸው በቅርቡ ስለሚመጡ አንድ ካርድ ሊያመጡላቸው ቃል ገብተዋል። የቀረበላቸው ምርጫ ያገለገለ ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060፣ አዲስ ባለ 8 ጊጋባይት አርቲኤክስ 4060 ወይም ያገለገለ ባለ 8 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3070 ነው።

ለእርስዎ የምመክረው ባለ 12 ጊጋባይቱን 3060 ነው። ከሦስቱ በፍጥነት የመጨረሻው እርሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ በአብዛኛዎቹ የካርድ ማወዳደሪያ ሠንጠረዦችም 4060 ከበላዩ፣ 3070 ደግሞ ከሁለቱም በላይ ተቀምጦ ያገኙታል። ሆኖም እነዚያ ሠንጠረዦች የሚዘጋጁት ጨዋታዎቹ ከአምራቹ እንደ ወጡ ምንም ሳይጨመርባቸው ተፈትነው ነው። እርስዎ የሚጫወቱት ጨዋታ ግን ከዚያ ወጥቷል። አምራቹ ቤተስዳ ለስፔሻል ኤዲሽን ይመከራል ብሎ ያስቀመጠው ካርድ ባለ 3 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 780 ነበር፤ የእርስዎ 1650 ከዚያ የበለጠ ሜሞሪ ይዞ ሳለ የሚንገዳገደው፣ ሸክሙን ያበዛው ጨዋታው ሳይሆን ከላይ የተጫነበት ሞድ በመሆኑ ነው።

የሸክሙን መጠን በአንድ ዕቃ ላይ ላሳይዎት። አንድ የ4ኬ ቴክስቸር በወርድም በቁመትም 4096 ነጥብ ስለሆነ በጠቅላላው 16,777,216 ነጥብ አለው። ቢሲ7 በሚባለው የአጨማመቅ ዘዴ እያንዳንዱ ነጥብ 1 ባይት ስለሚይዝ ቴክስቸሩ ብቻውን 16 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ከሩቅ ሲታይ እንዲያገለግሉ አብረውት የሚቀመጡት ትናንሽ ቅጂዎች ሲጨመሩ ወደ 21 ሜጋባይት ይጠጋል። አንድ ዕቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ቴክስቸር አለው፤ አንዱ ቀለሙን፣ ሌላው የገጹን ጎርበጥባጣነት የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ የቆመ አንድ በርሜል ብቻውን 43 ሜጋባይት ያህል ቪዲዮ ሜሞሪ (የካርዱን የራሱን ሜሞሪ) ይይዛል። ያንኑ በርሜል ወደ 2ኬ ቢያወርዱት 11 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በጨዋታው ውስጥ ባለችው በዋይትረን ከተማ ገበያ አካባቢ እንዲህ ያሉ 200 የተለያዩ ዕቃዎች ቢኖሩ በ4ኬ ከ8 ጊጋባይት በላይ፣ በ2ኬ ግን ከ2 ጊጋባይት ብዙም የማይበልጥ ቦታ ይፈልጋሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ ጥላው፣ ሣሩ፣ የሩቁ ተራራና ኢኤንቢ ለራሱ የሚይዘው ቦታ ገና አልገቡም።

አንዳንድ የቆዩ ሞዶች ደግሞ ቴክስቸራቸው ጨርሶ ሳይጨመቅ የተለቀቀ ነው። እንዲህ ያለው አንድ የ4ኬ ፋይል ከነቅጂዎቹ 85 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ከተጨመቀው አራት እጥፍ መሆኑ ነው፣ ያውም በዓይን የሚለይ ጥቅም ሳይሰጥ። ቴክስቸሮቹ የሚቀመጡበት የዲዲኤስ ፋይል በዲስክ ላይ የሚያሳየው መጠን በቪዲዮ ሜሞሪ ውስጥ ከሚይዘው ጋር ስለሚቀራረብ፣ የሞዱን ማህደር ከፍተው ፋይሎቹን በመጠን ቢደረድሩ ጥፋተኛውን ወዲያው ያገኙታል። ካቴድራል አሴትስ ኦፕቲማይዘር የተባለው ነጻ ፕሮግራም እነዚህን በጅምላ ሊጨምቅልዎ ይችላል፤ አዲሱ ካርድ እስኪመጣ ድረስ ይህን ሥራ ቢጀምሩት ደስ ይለኛል።

ሜሞሪው ሲሞላ ጨዋታው ወዲያው አይቆምም፤ ዊንዶውስ የተረፈውን ቴክስቸር ወደ ዋናው ራም ያወጣዋል። ካርዱ ያንን ቴክስቸር በፈለገ ቁጥር በማዘርቦርዱ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር በኩል መልሶ ማስመጣት አለበት፤ ከተማ ሲገቡ የሚያዩት መቆራረጥ የዚህ ምልልስ ውጤት ሳይሆን አይቀርም። 4060ን ለእርስዎ እንዳልመክር ያደረገኝም በተለይ ይህ ነው። የእርስዎ ፕሮሰሰር የሚሠራው በሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። 3060 አሥራ ስድስቱንም የመስመሩን ሌኖች ስለሚጠቀም በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ማስተላለፍ ይችላል፤ 4060 ግን የተሠራው በስምንት ሌን ብቻ በመሆኑ በእርስዎ ማዘርቦርድ ላይ የሚያገኘው 8 ጊጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ 4060 በሜሞሪው ማነስ ምክንያት ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ መውጫው የጠበበ ነው። የ3060 የራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 360 ጊጋባይት የሚያስተላልፍ መሆኑን ከዚህ ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ቴክስቸሩ ካርዱ ላይ በመቆየቱና ባለመቆየቱ መካከል ያለው ልዩነት ይታይዎታል።

4060 የሚመሰገንበት ነገር እንዳለው አልክድም። 115 ዋት ብቻ ነው የሚፈጀው፣ አዲስ ስለሆነም ዋስትና አለው። በመሃል ሰው ሠራሽ ፍሬም (አንድ ነጠላ ምስል) እየጨመረ ምስሉን የሚያለሰልሰው ቴክኖሎጂውም በብዙ አዳዲስ ጨዋታዎች ላይ ጠቃሚ ነው፤ ስካይሪም ግን ይህን በራሱ አይደግፍም። ስለ 3070 ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ቺፑ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እርሱም በ8 ጊጋባይት የተወሰነ ከመሆኑ በላይ 220 ዋት ይፈጃል፣ ኤንቪዲያም የሚመክርለት ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው።

አሁን ካርድ የማይፈታውን ችግር ልንገርዎ፤ አጎትዎ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነው። ስካይሪም የሚሠራው በዳይሬክትኤክስ 11 ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ በስክሪኑ ላይ ለሚታየው ለእያንዳንዱ ዕቃ «ይህን ሣል» የሚል ትእዛዝ ለካርዱ ይልካል። የጨዋታው ሞተር ይህን ሥራ በአብዛኛው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ስለሚያከናውነው፣ ከተማውን በቤት፣ በዛፍ፣ በመብራትና በሰው የሚሞሉ ሞዶች ሲደራረቡ ትእዛዝ ላኪው ይዘገያል፤ ካርዱ ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ትእዛዝ እየጠበቀ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ የእርስዎ ችግር ከየት እንደሆነ አስቀድመው ይለኩ። በጣም በሚቆራረጥበት ቦታ ላይ ይቁሙና የዊንዶውስን ታስክ ማኔጀር ከፍተው በፐርፎርማንስ ገጽ ላይ የግራፊክስ ካርዱን ይመልከቱ። ዴዲኬትድ የሚለው (የካርዱ የራሱ) ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ላይ ደርሶ ቆሞ ሼርድ የሚለው (ከዋናው ራም የሚበደረው) እየጨመረ ከሄደ ሜሞሪ አንሶዎታል። ሜሞሪው ቦታ እያለው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም የሚታየው የካርዱ የሥራ መጠን 99 በመቶ አካባቢ ከሆነ ቺፑ ደክሟል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በኢኤንቢ ምክንያት ስለሆነ ሺፍትና ኤፍ12ን አንድ ላይ ተጭነው ኢኤንቢን ሲያጠፉ በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት በአንዴ ሲጨምር ያዩታል። ሜሞሪውም ቺፑም ሳይሞሉ ፍሬሙ ዝቅ ካለ፣ ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርደውም ምንም ካልተለወጠ፣ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ዘንድ ነው፤ ይህ ከሆነ የጥላውን ርቀትና የሣሩን ብዛት መቀነስ ከካርድ ግዢ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

የጻፉልኝን ሳይ ሜሞሪው እንደሚሆን እገምታለሁ። በራሱ መዘጋቱን ግን ከዚህ ጋር ሳያገናኙ ለብቻው ይመርምሩት። በሞድ የተሞላ ስካይሪም ዊንዶውስ በዲስክ ላይ የሚይዘው ቨርቹዋል ሜሞሪ ሲያንሰው እንዲሁ ያለ መልእክት ይዘጋል፤ ብዙ ሰዎችም የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ብለው ይህንን ያጠፉታል ወይም ያሳንሱታል። ዊንዶውስ መጠኑን ራሱ እንዲወስን ይተዉለት፤ ወይም በኤስኤስዲ ላይ 20 ጊጋባይት ያህል ይስጡት። ራሙን ወደ 32 ጊጋባይት ማሳደግም ጥሩ ነው። ያለዎት 16 ጊጋባይት በአንድ እንጨት ብቻ ከሆነ ግን ተመሳሳይ ሁለተኛ መጨመሩ የራሙን የማስተላለፍ አቅም በእጥፍ ያሳድገዋል፤ በፕሮሰሰሩ ላይ ለተንጠለጠለ ጨዋታ ይህ ይታወቃል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ አጎትዎ 3060 የሚለውን ስም ብቻ አይተው እንዳይገዙ አደራ ይበሏቸው። በዚሁ ስም ባለ 8 ጊጋባይት ካርድም ተሸጧል፤ የእርሱ ሜሞሪ በ192 ቢት ፋንታ በ128 ቢት የተያያዘ በመሆኑ የሚያስተላልፈው በሰከንድ 240 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመጠንም በፍጥነትም ያንሳል። ካርዱን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ቢከፍቱ 12 ጊጋባይትና 192 ቢት የሚለውን ማየት አለባቸው። ይህ ፕሮግራም ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ሌላ የተመሰለ የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝም በስሙ ላይ ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል።

ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ለዚህ ሥራ ሲውሉ የነበሩ ብዙ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጥተዋል። ያገለገለ 3060 ሌት ተቀን ሲሠራ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብቻውን ካርዱን አያስጥለውም፣ ፍተሻውን ግን ያጠብቀዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል በከባድ ጨዋታ ወይም ፉርማርክ በተባለው የካርድ መፈተኛ ፕሮግራም ያሠሩት፤ በስክሪኑ ላይ የማይገባ ቀለም ወይም ብልጭታ ካለ፣ ፋኑ ከተንኳኳ ወይም አንደኛው ካልዞረ፣ ሙቀቱም ከ80 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ካላቆመ ይመልሱት። ከተስማማቸው በፀረ-ስታቲክ ከረጢት ጠቅልለው በእጅ ሻንጣቸው ይያዙት እንጂ ለጭነት አይስጡት።

ፓወር ሰፕላዩን አቅልለው እንዳያዩት። የአሁኑ 1650 ቢበዛ 75 ዋት አካባቢ ሲፈልግ 3060 ግን 170 ዋት ይፈጃል፤ ኤንቪዲያ የሚመክርለትም ባለ 550 ዋት ነው። የእርስዎን 450 ዋት ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ይመዝኑት፦ በ12 ቮልት ረድፍ የተጻፈውን አምፒር በ12 ያባዙ። ውጤቱ 400 አካባቢ ከሆነና ባለ ስምንት ፒን የግራፊክስ ካርድ ኬብል ካለው ሊሸከመው ይችላል፤ 300 ከሆነ 450 የሚለው ቁጥር ካርቶን ላይ የቀረ ነው፣ ይቀይሩት። የዲስክ ኬብልን በአስማሚ ወደ ካርድ ኬብል መለወጥ ሽቦውን እስከ ማቅለጥ ስለሚደርስ ፈጽሞ አይሞክሩት። ፓወር ሰፕላዩንም አጎትዎ የሚያመጡት ከሆነ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ያረጋግጡ፤ ለአሜሪካ 115 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል፣ ሌላውንም ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

አጎትዎ ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ማውጣት ከቻሉ በ2025 የወጣው ባለ 16 ጊጋባይት ራዲዮን አርኤክስ 9060 ኤክስቲ አሥራ ስድስት ሌን ያለው በመሆኑ ለእርስዎ ማዘርቦርድ ይስማማል፤ ያንኑ ስም የያዘ ባለ 8 ጊጋባይትም ስላለ እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢንቴል አርክ ቢ580 በዋጋው የሚያጓጓ ባለ 12 ጊጋባይት ካርድ ቢሆንም ስምንት ሌን ብቻ የሚጠቀምና ከፕሮሰሰሩ ብዙ ሥራ የሚጠይቅ ስለሆነ ከእርስዎ 10400ኤፍ ጋር አላጣምረውም።

ካርዱ ከተገጠመ በኋላ ሁሉንም ሞድ ወደ 4ኬ እንዳይመልሱ። የሞኒተርዎ ሙሉ ገጽ 2,073,600 ነጥብ ብቻ ነው፤ አንድ የ4ኬ ቴክስቸር ከዚያ ስምንት እጥፍ ነጥብ ይዟል። ስለዚህ 4ኬ የሚገባው ስክሪኑን ሞልቶ ለሚታይ ነገር ነው፦ ለመሬቱ፣ ለተራራውና ለትልልቅ ግድግዳዎች። ለሰው ፊትና ለጦር ልብስ 2ኬ ይበቃል፤ ለጽዋ፣ ለሳህንና ለመጽሐፍ 1ኬ ቢያደርጉት ልዩነቱን አያዩትም። ሞዶቹን በቡድን በቡድን እየጨመሩ በዋይትረንና በሪፍተን ውስጥ ይዙሩ፤ ዴዲኬትድ የሚለው ሜሞሪ 11 ጊጋባይት አካባቢ ሲደርስ ይቁሙ፣ የቀረው ለዊንዶውስና ከኋላ ለከፈቷቸው ፕሮግራሞች ይተረፍ።